የማይሰማው ባልንጀራ

ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ዜማ እንኳ ሳልደርስ አንድ ማስታወሻ ደብተር በዋጋ ዝርዝር ሞላሁ። ሶዶ ላይ ዝናቡ አባርቶ የዳሞት ተራራ ከጉም ሲገለጥ፣ ሰዉ ሁሉ የጊፋታን በሬ ዋጋ ሲያሰላ፣ እኔ የማሰላው የሉፐር ዋጋ ነበር።

ሉፐር የተጫወቱትን ቀድቶ እየደጋገመ የሚያሰማ፣ በእግር የሚረገጥ መሣሪያ ነው። አንድ ጊዜ ሲረግጡት መቅዳት ይጀምራል፤ ሲደግሙት ክቡን ዘግቶ ያዞረዋል፤ ሲሠልሱት አዲስ ድምፅ በላዩ ይደርባል። እንዲህ እያለ አንድ ሰው ብቻውን ባንድ ይሆናል። ባለ ሁለት መርገጫው ይሻል ይሆን ወይስ ባለ አምስቱ? ስንት ደቂቃ ይይዛል? ዜማ የነጠፈብኝ ዕቃ ስላጣሁ ይመስለኝ ነበር።

በመጨረሻ ባለ አምስቱን ገዛሁ። በጊፋታ ሰሞን በአንድ አነስተኛ አዳራሽ ክራሬን ይዤ ቆምሁ። ክቡን ስዘጋ እግሬ ግማሽ ምት ዘገየ። ከዚያ በኋላ ያ ግማሽ ምት በየዙሩ እያነከሰ ተመለሰ። ክራር ደረብሁበት፤ ድምፄን ደረብሁበት፤ እንከኑ ግን ከሥር ሆኖ ሁሉንም አብሮ ያነክስ ነበር። ታዳሚው በጨዋነት አጨበጨበልኝ።

ስወጣ ከኦሞ ማዶ፣ ከዳውሮ የመጡ የአባቴ ወዳጅ በሩ ላይ ጠበቁኝ። በወጣትነታቸው ዲንካ ነፍተዋል። ዲንካ ረጃጅም የትንፋሽ መሣሪያዎች በኅብረት የሚነፉበት ጨዋታ ነው፤ እያንዳንዱ ነፊ የድርሻውን ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ዜማውም ከሰው ወደ ሰው እየተሸጋገረ ይሞላል።

«ልጄ፣ ባልንጀራህ አይሰማህም» አሉኝ። «እኛ አንዱ ሲዘገይ ሌላው ትንፋሹን ይዞ ይጠብቀዋል። ያንተው ግን እንደ ጣልህለት ይዞ ይሄዳል።»

ሌሊቱን ኃይሉ መርጊያን አሰብሁ። እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን አንዲት አነስተኛ ስቱዲዮ ውስጥ ብቻውን ሆኖ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዶቹንና ምት መስጫ ማሽኑን እየደራረበ «ሸሞንሟናዬ» የተሰኘውን አልበም ቀዳ። በ2013 እንደገና ሲታተም በዓለም ዙሪያ አዲስ አድማጭ አገኘ። እሱም እንደኔ ብቻውን ነበር፤ ማሽኑም አይሰማውም። ሆኖም ወደዚያች ክፍል የገባው ከዋልያስ ባንድ ጋር ብዙ ዓመት ከተጫወተ በኋላ ነው። መቼ እንደሚገባና መቼ ለሌላው ቦታ እንደሚለቅ ጆሮው ከሰው ተምሯል። እኔ ግን ከሰው ሳልማር ማሽን ልሆን ቸኮልሁ።

ያንን ዕቃ አልሸጥሁትም። አሁን መጀመሪያ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በጭብጨባ እንጫወታለን፤ ያልጸናውን ዙር አልቀዳውም። ስቀዳም ከመርገጫዎቹ አንዱን ብቻ እጠቀማለሁ፤ ከክቡም ውስጥ ሰው ሊገባበት የሚችል ባዶ ቦታ እተዋለሁ።

አዲስ ዕቃ ወጣ ሲባል እጄ አሁንም ወደ ደብተሩ ይሄዳል። ከዋጋዎቹ ቀጥሎ ባሉት ገጾች ላይ ስድስት ዜማዎች አሉ። አራቱ አይረቡም።