የአባ ሓዊ መንደር

ከመቀሌ ወደ ሰሜን ወጥተን ውቅሮ ደረስን። ከዚያ ወደ ምዕራብ ስንታጠፍ ሾፌሩ «ቤተ ክርስቲያኑን ሊያዩ ነው ወይስ አባ ሓዊን?» አለኝ። ከአለት የተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያንም መንደሩም በወንድማማቾቹ ነገሥታት በአብርሃ ወአጽብሃ ስም ይጠራሉ። «አባ ሓዊ» ደግሞ የመንደሩ ሊቀ መንበር የነበሩት የአቶ ገብረሚካኤል ግደይ ቅጽል ስም ነው፤ በትግርኛ የእሳት አባት ማለት ነው።

መሬቱ ተራቁቶ፣ ውኃው ጠፍቶ፣ ነዋሪው ወደ ሌላ ቦታ እንዲሰፍር ታስቦ ነበር። አባ ሓዊ ጎረቤቶቻቸውን «አንሄድም» አሰኙ። እርከን ተሠራ፣ ኩሬ ተቆፈረ፣ ተራራው ከልቅ ግጦሽ ተከለለ። ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ይሄ የመጨረሻው ነው። ድንጋይ መሸከምስ ባልከፋ፤ ገበሬ በሬውን ከለመደው ግጦሽ የሚያስወጣው የሚያምነው ሰው ሲለምነው ብቻ ነው። ውኃው ወደ ጉድጓዶቹ ተመለሰ፤ ማኅበረሰቡም በ2004 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አገኘ።

ማሳው መሐል ትልቅ ዛፍ ቆሟል። «ይሄ እህሉን አይጎዳም?» አልኳቸው አንድ አዛውንት።

«ሞሞና እኮ ነው ልጄ! በክረምት ቅጠሉን አራግፎ ለእህሉ ፀሐይ ይለቅለታል። በበጋ ለእኛ ጥላ ይሆናል።»

ከጓሯቸው ዘይቱን ቀጥፈው እጄን ሞሉልኝ። ገንዘብ ላወጣ ኪሴ ስገባ ሾፌሩ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። አዛውንቱ ግን የሱን ድርሻ ሊቀጥፉ ተመልሰው ገብተዋል።