ፓነሉ ላይ ያለው ቁጥር የማን ሙቀት ነው?

በጅማ መንገድ ከዓለም ገና እስከ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ፣ ማድረቂያ የሌለው ፋብሪካ ብዙ አይደለም። ውኃ የሚያሽገው የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃውን ያደርቃል፤ የሴራሚክ ማጣበቂያ የሚያመርተው አሸዋውን፤ ጨርቃ ጨርቁ ከማቅለሚያ የወጣውን ጨርቅ፤ ፓስታ ፋብሪካው ፓስታውን። እንጀራዬ እነዚህ ድራየሮች ላይ የሙቀት ሴንሰር መግጠም፣ ከፓነል ጋር ማገናኘትና መቆጣጠሪያውን ማስተካከል ነው። በዚህ ሥራ የተማርኩት ሁሉ የሚዞረው በአንድ ነገር ዙሪያ ነው፤ ፓነሉ ላይ የሚበራው ቁጥር የሴንሰሩ ጫፍ ሙቀት ነው፣ የዕቃው አይደለም። የሁለቱ ልዩነት ሲጠብ ምርት ይስተካከላል፤ ሲሰፋ ቁጥሩ እያማረ ምርቱ ይበላሻል።

ሴንሰሩ የሚገባበት ቦታ ከብራንዱ ይበልጣል

የፋብሪካ ባለቤቶች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ "የጀርመን ነው የቻይና?" ብለው ነው። መጠየቃቸው ተገቢ ነው፤ ገንዘቡ የነሱ ነው፣ የውጭ ምንዛሪውም በስንት ደጅ ጥናት የተገኘ ነው። ግን ተገቢው ቦታ ላይ የተገጠመ መካከለኛ ሴንሰር፣ ያለቦታው ከገባ ውድ ሴንሰር በብዙ ይሻላል።

የውኃ ጠርሙስ የሚሠራበትን ፔት እንውሰድ። ፔት ከአየር እርጥበት ይስባል። እርጥበቱን እንደያዘ ከቀለጠ ሞለኪውሉ ይቆራረጣል፤ ተነፍቶ ጠርሙስ የሚሆነው ፕሪፎርም ይደክማል፣ ጠርሙሱም ጥንካሬ ያጣል። ስለዚህ ከ160 እስከ 180 ዲግሪ በሞቀ ደረቅ አየር ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይደርቃል፤ የሚቀረው እርጥበት ከ0.005 በመቶ በታች መውረድ አለበት። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ጥሬ ዕቃው ወደ ቢጫነት ይሄዳል። ሲቀልጥ ከመጠን በላይ ከጋለ አሴታልዴሃይድ ይፈጠራል፤ ይህም ወደ ውኃው ገብቶ ጣዕሙን ይለውጣል። ገዢው "ውኃው ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል" ሲል ነገሩ የተበላሸው ከመሙያው ማሽን በፊት ሊሆን ይችላል።

በብዙ ድራየሮች ላይ መቆጣጠሪያው የሚያነበው ሴንሰር ሂተሩ አፍ ላይ ነው ያለው። ከዚያ ጥሬ ዕቃው እስከሚደርቅበት ጋን፣ እስከ ሆፐሩ ድረስ ግን ቱቦ አለ። ሱሉልታ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ቱቦው ካልተሸፈነ ከሂተሩ በ170 ዲግሪ የወጣ አየር ሆፐሩ ጋ ሲደርስ ከ10 ዲግሪ በላይ ወርዶ አይቻለሁ። ቀን ደህና የዋለ ማሽን ሌሊት ላይ ሪጀክት የሚያበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ መቆጣጠሪያው የሚታዘዝበትን ሴንሰር ሆፐሩ መግቢያ ላይ አደርገዋለሁ፤ ቱቦው እንዲሸፈንም አጥብቄ እናገራለሁ። የሂተሩን አፍ የሚያነበው ሴንሰር እንዲሁ ይቅር፤ ሥራው ሂተሩን መጠበቅ ነው።

ሴንሰሩ በቂ ያህል መግባት አለበት። ጫፉ ብቻ ገብቶ አብዛኛው ዘንጉ ውጭ ከቀረ፣ ዘንጉ ራሱ ሙቀቱን ወደ ውጭ እያወጣ ንባቡን ያወርደዋል። እኔ የምጠቀምበት ልክ ከዘንጉ ውፍረት ቢያንስ አሥር እጥፍ እንዲገባ ነው። ሂተሩን ፊት ለፊት የሚያይ ከሆነ ደግሞ ከአየሩ ይልቅ የሂተሩን ጨረር ያነባልና ከፍ ብሎ ያሳያል።

አጥብቆ ማሰርም ሌላው ነው። ሆፐር ሲጸዳ ሴንሰሩ ተነቅሎ ጎን ላይ ተንጠልጥሎ ከተረሳ፣ የሚያነበው የክፍሉን አየር ይሆናል። መቆጣጠሪያው "ገና ቀዝቃዛ ነው" ብሎ ሂተሩን ያለማቋረጥ ያበራል። ጠዋት ሆፐሩ ሲከፈት ጥሬ ዕቃው ተጣብቆ አንድ ቋጥኝ ሆኖ ይገኛል፤ ቋጥኙን በመሮ እየፈለጡ ማውጣት የቀን ሥራ ነው። በመፍቻ ካልሆነ በእጅ የማይፈታ ማሰሪያ ይህን ያስቀራል።

ሙቀት ብቻውን ደረቀ ማለት አይደለም

የመግቢያው አየር 170 ዲግሪ ይበል እንጂ፣ የፔቱ ፍሬ ሆፐሩ ውስጥ ስንት ሰዓት ቆየ? ማሽኑ በሰዓት 100 ኪሎ የሚበላ ከሆነ ለ4 ሰዓት ቆይታ 400 ኪሎ ሁልጊዜ ሆፐሩ ውስጥ መኖር አለበት። ጫኙ ዘግይቶ ሆፐሩ ግማሽ ሲሆን ቆይታው ወደ 2 ሰዓት ይወርዳል፤ ፓነሉ ግን ያንኑ 170 እያሳየ ይቀጥላል። በዚህ ምክንያት ከሙቀቱ ጋር የሆፐሩን መጠን የሚያሳይ ነገር እንዲኖር እጠይቃለሁ፤ ገንዘብ ከሌለ መስታወቱ ላይ በቀለም የተሰመረ ምልክት ይበቃል።

ሁለተኛ ሴንሰር መግጠም የሚቻል ከሆነ ከሆፐሩ በሚመለሰው አየር ላይ ይሁን። የመግቢያው ቁጥር ድራየሩ የሰጠውን፣ የመመለሻው ቁጥር ዕቃው የወሰደውን ይናገራል። የሚመለሰው አየር ከወትሮው ከቀዘቀዘ ቀዝቃዛ ዕቃ በብዛት እየገባ ነው ወይም አየሩ አንሷል፤ ከወትሮው ከሞቀ ማሽኑ ዕቃ መውሰድ ቀንሷል። አንድ ሴንሰር ብቻ ያለው ድራየር ላይ ይህን ማየት አይቻልም።

አሸዋው እጅ ላይ

ቡራዩ ውስጥ አንድ የማጣበቂያ ፋብሪካ የሚሽከረከረውን አሸዋ ማድረቂያ ስመለከት፣ የሚያንቀሳቅሱት አዛውንት ኦፕሬተር መውጫው ላይ አካፋ ደቅነው ጠበቁኝና አሸዋ ዘገኑ። ጨብጠው ሲለቁት አልፈረሰም፤ የጣታቸው ምልክት ተቀርጾበት ቀረ።

"ኢንጂነር፣ እዚያ ላይ ያለው 120 ይላል፤ ይኼ ግን እርጥብ ነው" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ቁጥሩ ከፍ ማለት ከጀመረ ወዲህ።"

ነገሩን ሁሉ በዚያች ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ሴንሰሩ የተገጠመው የጭስ መውጫው ላይ ነበር፤ የሚለካው ከአሸዋው የተረፈውን ጋዝ ነው። ከበሮው ውስጥ አሸዋውን እያነሱ በጋዙ መካከል የሚበትኑት ማንሻ ብረቶች ሲበሉ፣ አሸዋው ከታች ይንከባለላል፤ ትኩሱ ጋዝ በባዶው መካከል ያልፋል። ስለዚህ ጋዙ ሙቀቱን ሳይሰጥ በትኩሱ ይወጣል፣ አሸዋውም ሳይደርቅ ይወጣል። የጭሱ ሙቀት ከፍ ማለቱ የበሽታው ምልክት እንጂ የጤንነት ምልክት አልነበረም። በርነሩን መጨመር ናፍጣ ማቃጠል ብቻ ነው። ማንሻዎቹ ተበየዱ፤ ከዚያ በኋላ አሸዋው የሚወርድበት መውጫ ላይ፣ ጫፉ አሸዋው ውስጥ የሚቀበር ሁለተኛ ሴንሰር ገጠምን። አሸዋ ብረት ይበላልና ሴንሰሩ ወፍራም የብረት ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ኪሱም በየጊዜው ይታያል።

በእጅ የሚያዘው የጨረር ቴርሞሜትር ለዚህ ዓይነት ሥራ ይረዳል፤ አቧራና እንፋሎት መካከል ሲገቡ ግን ያሳስታል። የሚያብረቀርቅ ስቴንለስ ላይ ደግሞ ከእውነተኛው በጣም ዝቅ ያነባል። ሙቀት የሚችል ጥቁር ቀለም ትንሽ ቦታ ቀብቶ እዚያ ላይ ማነጣጠር ይሻላል።

ቀዩ ሽቦ

ከምገጥማቸው ሴንሰሮች አንዱ ተርሞካፕል ነው፤ ቶማስ ሲቤክ እ.ኤ.አ. በ1821 ባየው ነገር ላይ የቆመ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተጋጥመው መጋጠሚያው ሲሞቅ ትንሽ ቮልቴጅ ይፈጠራል። በጣም ትንሽ ነው፤ ኬ የሚባለው ዓይነት በአንድ ዲግሪ ወደ 41 ማይክሮቮልት ቢሰጥ ነው። ለዚህ ነው የሴንሰር ገመድ ከኢንቨርተርና ከሞተር ገመድ ጋር በአንድ ትቦ መሄድ የሌለበት።

የኛ ፋብሪካዎች ማሽን ከየአገሩ የተሰበሰበ ስለሆነ የሽቦ ቀለም ትልቅ ጣጣ አለው። ለኬ ዓይነት በአሜሪካው ደንብ ቢጫው ፖዘቲቭ፣ ቀዩ ኔጌቲቭ ነው። በድሮው የጀርመን ደንብ ቀዩ ፖዘቲቭ፣ አረንጓዴው ኔጌቲቭ ነው። አሁን ባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ደግሞ አረንጓዴው ፖዘቲቭ፣ ነጩ ኔጌቲቭ። "ቀይ ሁልጊዜ ፖዘቲቭ ነው" ብሎ የተማረ ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን እዚህ ላይ ቢሳሳት አይፈረድበትም። ቀለሙን ትቼ ጫፉን በላይተር ሞቅ አድርጌ በሚሊቮልት እለካለሁ፤ የትኛው ፖዘቲቭ እንደሆነ ሜትሩ ይነግረኛል።

ከሁሉ የከፋው ገመድ ሲያጥር በተራ የመዳብ ሽቦ መቀጠል ነው። መቆጣጠሪያው የሚያርመው በራሱ ቦታ ያለውን ሙቀት ብቻ ነው። መጋጠሚያው ድራየሩ ጎን ላይ 60 ዲግሪ፣ ፓነሉ ክፍል ውስጥ 25 ዲግሪ ቢሆን ንባቡ ወደ 35 ዲግሪ ዝቅ ይላል፤ መቆጣጠሪያውም ያንን ያህል ከልክ በላይ ያሞቃል። ትክክለኛው የማራዘሚያ ገመድ ሁለቱም ጫፉ ላይ ተገልብጦ ከታሰረ ደግሞ ስህተቱ እጥፍ ይሆናል። ቁጥሩ ግን ሙቀቱ ሲጨምር ይጨምራል፣ ሲቀንስ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ማንም አይጠረጥረውም።

ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ በማያልፍበት ድራየር ላይ ሙቀትን በኤሌክትሪክ መቋቋም የሚለካውን ሴንሰር፣ ፒቲ 100ን እመርጣለሁ። በ0 ዲግሪ 100 ኦህም ነው፤ በየዲግሪው 0.385 ኦህም ይጨምራል። ባለ ሁለት ሽቦውን አልገጥምም፤ የገመዱ አንድ ኦህም ብቻ 2.6 ዲግሪ ስህተት ያመጣል። ባለ ሦስት ሽቦው የገመዱን ያርማል።

ሰበታ ላይ ውኃ በ100 አይፈላም

ሴንሰር በፈላ ውኃ የሚፈትሽ ሰው ብዙ ነው። ሰበታ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሱሉልታና ቡራዩ ላይ ከዚያም ዝቅ ይላል። ይህን ያላወቀ ደህናውን ሴንሰር "8 ዲግሪ ይሳሳታል" ብሎ መቆጣጠሪያው ላይ ማካካሻ ያስገባል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ድራየሩ በ8 ዲግሪ ሳተ ማለት ነው። በረዶው ግን ከፍታ አያውቅም። በረዶ አድቅቆ ከንጹሕ ውኃ ጋር ቀላቅሎ ሴንሰሩን መሐል ላይ ነክሮ መጠበቅ 0 ዲግሪን ይሰጣል። ለከፍተኛው ሙቀት የምመሳከርበትን ቴርሞሜትር ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ወይም ፈቃድ ያለው ላቦራቶሪ አስፈትሻለሁ።

የከፍታው ጉዳይ በፍተሻ አያበቃም። አየራችን ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ብሎወሩ የሚገፋው መጠን ያው ቢሆንም የሚሸከመው ሙቀት ያንን ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ዕቃው ለመሞቅ ማኑዋሉ ካለው ይበልጥ ይዘገያል። ሙቀት በመጨመር ከማካካስ ቆይታውን ወይም አየሩን መጨመር ይሻላል።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ

መብራት ሲጠፋ ብሎወሩ ይቆማል፤ የጋለው ሂተር ግን ባለበት ግሎ ይቆያል። አየር በሌለበት ሴንሰሩ እውነቱን አያይም። መብራቱ ሲመለስ ሂተሩ ከብሎወሩ ቀድሞ ቢነሳ አደጋ ነው። ስለዚህ የአየር ፍሰት ስዊች ሳይፈቅድለት ሂተር እንዳይነሳ አድርጌ እገጥማለሁ። ለኦፕሬተሩ ደግሞ ደንቡ አጭር ነው፤ የሚመለሰው አየር ወደ ወትሮው ቁጥር ሳይደርስ ማሽን አይነሳም። ፎርማኑ "ምርት ቆመ" እያለ ሲጨቃጨቅ ይህ ደንብ ፓነሉ ላይ ተጽፎ መገኘቱ ኦፕሬተሩን ያግዘዋል።

መቆጣጠሪያውን የሚቆጣጠር

ሂተር የሚያበራው ሶሊድ ስቴት ሪሌይ ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ ተዘግቶ ነው የሚቀረው፤ ማለትም ሂተሩ አይጠፋም። መቆጣጠሪያው "አጥፋ" ቢልም የሚሰማው የለም። ስለዚህ የራሱ ሴንሰር ያለው፣ ከመቆጣጠሪያው ጋር ምንም የማይጋራ የከፍተኛ ሙቀት መቁረጫ ከላይ ያለውን ኮንታክተር እንዲጥል አድርጌ አስራለሁ። ሲቆርጥም በራሱ አይመለስም፤ ሰው መጥቶ ምክንያቱን አይቶ ነው የሚመልሰው። ባለቤቱ ወጪ ለመቀነስ "ይህ ይቅር" ካለኝ ሥራውን አልረከብም። ሌሊት እዚያ ሕንፃ ውስጥ የሚያድሩ ሰዎች አሉ።

አላርም

ጥቂት ይሁን። ቀኑን ሙሉ የሚጮኽ ባዘር መጨረሻው በፕላስተር መታፈን ነው። ሲጮኽ ምን መደረግ እንዳለበት ሊነገር የማይችል አላርም አልገጥምም።

የመዝገቡ ሰዓት

ንባቡን የሚመዘግበው ዕቃ ሰዓቱን በውጭው አቆጣጠር ይይዛል፤ የፈረቃው መዝገብ በእኛው ነው። ኦፕሬተሯ "ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ" ብላ ስትጽፍ፣ የመሣሪያው ግራፍ ላይ መቋረጡ 02:00 ላይ ነው ያለው። ጥራት ክፍል 08:00 ላይ ፈልጎ ሲያጣ "አልመዘገበችም" ይላታል። ቀኑም እንደዚያው፤ መስከረምና ሴፕቴምበር ሲቀላቀሉ ከወራት በኋላ የደንበኛ ቅሬታ ሲመጣ ማስረጃ ማግኘት ያቅታል። ስለዚህ የመዝገቡ ገጽ ላይ ሁለቱም ሰዓት ጎን ለጎን እንዲታተም አደርጋለሁ፤ የፓነሉን ጽሑፍም በአማርኛና በኦሮምኛ አጽፋለሁ፤ በነዚህ ከተሞች ፈረቃው ላይ የሚቆሙት ሰዎች የሚያነቡት በእነዚህ ነውና።

ርክክብ ላይ ለጥገና ክፍሉ የምሰጠው አንድ ወረቀት ነው፤ የእያንዳንዱ ሴንሰር ዓይነት፣ የገባበት ቦታና ጥልቀት፣ የሽቦው ቀለምና ዋልታ፣ መቆጣጠሪያው ውስጥ የገባው ቁጥር፣ ማካካሻ ካለ ስንትና ለምን፣ የተፈተሸበት ቀን፣ የሚቀጥለው ፍተሻ ቀን። አንዱ ቅጂ ፓነሉ በር ውስጥ ይለጠፋል፤ ሌላው ቢሮ ይቀመጣል።