ያልተጠየቁ አያቶች

የመዓዛ መንግሥቴ ስም በተነሳ ቁጥር በእኛ በሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች መካከል ክርክር አይጠፋም። ከፊላችን «የአርበኞቹን ታሪክ በእንግሊዝኛ የምትተርከው ለማን ብላ ነው?» እንላለን። ከፊላችን ደግሞ «እንዴ! በአራት ዓመቷ ግድም ከአገር የወጣች ልጅ በምን ቋንቋ ትጻፍ ታዲያ?» ብለን እንመልሳለን። ሁለታችንም እውነት አለን። ይሁን እንጂ የደራሲዋ ሕይወት ከቋንቋው ጥያቄ የበለጠ ነገር ይነግረናል።

መዓዛ በ1971 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወለደች። በአብዮቱ ምክንያት ቤተሰቧ አገር ለቀቀ፤ እሷም በናይጄሪያ፣ በኬንያና በአሜሪካ አደገች። በ2010 የታተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ «ቢኒዝ ዘ ላየንስ ጌዝ» በዚያው አብዮት የተመታ የአንድ አዲስ አበቤ ሐኪም ቤተሰብ ታሪክ ነው። ሁለተኛው፣ «ዘ ሻዶው ኪንግ»፣ በ2019 ወጣ፤ በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዙር ከደረሱት ስድስት መጻሕፍት አንዱ ሆነ።

በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ዘጠኝ ዓመት አለ። ደራሲዋ ጣሊያን አገር ሄዳ መዛግብት አገላበጠች፤ የወራሪው ጦር ወታደሮች ያነሷቸውን ፎቶግራፎች እየለቀመች ሰበሰበች፤ የጻፈችውንም ረቂቅ ጥላ እንደገና ጀመረች። የመጽሐፉ ባለታሪክ ሂሩት ወላጆቿ የሞቱባት ገረድ ናት። ከአባቷ የወረሰችው አንድ ውጅግራ ብቻ ነው፤ እሱንም ጌታዋ ኪዳኔ ለዘመቻው ብሎ ይነጥቃታል። ንጉሡ ከአገር ሲወጡ እሳቸውን የሚመስል «ምንም» የተባለ ድሃ ንጉሥ ተደርጎ ሲቆም፣ ሂሩት ጠመንጃ ይዛ ትጠብቀዋለች።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። ደራሲዋ ይህን ሁሉ ስትደክምበት ከኖረች በኋላ እናቷ ስለ ቅድመ አያቷ አጫወቷት። ከየቤቱ የበኩር ልጅ ይዝመት ሲባል፣ ቅድመ አያቷ ገና ልጅ ሳሉ ተነሱ። አባትዬው ግን ጠመንጃውን ለባልየው ሊሰጡ አሰቡ። እሳቸውም አባታቸውን ሽማግሌ ፊት ከሰው ረቱ፤ ጠመንጃቸውን ተቀብለው ዘመቱ። ልብ ወለድ የመሰለን ነገር ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው! ጣሊያን ድረስ የተኬደበት ታሪክ ግማሹ እናት ዘንድ ነበረ።

እንግዲህ እኛስ? ጦርነቱን በዓይናቸው ያዩት አብዛኞቹ አልፈዋል። ከእነሱ አፍ የሰሙት ግን ዛሬም ቡና አፍልተው ይጠሩናል። መጽሐፍ ቤት የሴት አርበኛ ስም ስንፈልግ የምናገኘው ጥቂት ነው፤ ስንቅ ያዘጋጀችው፣ ቁስለኛ የተሸከመችው፣ ጥይት ያቀበለችው አብዛኛዋ ስሟ አልተመዘገበም። መዝጋቢ አልጠየቃትማ!

ይህ ክረምት ሲገባ ሁላችንም ወደየቤታችን እንበተናለን። እንጠይቅ። ጠመንጃው የት ደረሰ? ስንቁን ማን ቋጠረ? ማን ዘመተ፣ ማንስ ሳይመለስ ቀረ? መልሱ በአማርኛም ይምጣ፣ በኦሮምኛም፣ በትግርኛም፤ ብቻ ሳይመሽ ይጻፍ።