በስኒ የሚለካ ጸበል

እናቴ የኩላሊት እጥበት ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ፤ በእያንዳንዱ ቀን ለ4 ሰዓት። ጠዋት ስንደርስ መጀመሪያ ሚዛን ላይ ትወጣለች። ካለፈው እጥበት ወዲህ የጨመረችው ኪሎ ውሃ ነው፤ ሽንት ከቆመባት ስለቆየ የጠጣችው ሁሉ መውጫ የለውም። ከዚያ ነጠላዋን አጣጥፋ ትቀመጥና ግራ እጇን ትዘረጋለች። ነርሷ ሁለቱን ወፍራም መርፌ ከመሰካቷ በፊት እናቴ በቀኝ እጇ ታማትባለች። አጠገቧ ባለው ወንበር የሚታጠቡት አባት ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ። መርፌው ሲገባ ሁለቱም ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

ስለ እጥበት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ገንዘቡ ነው። ልክ ነው፤ ቤታቸውን የሸጡ፣ በሳምንት ሦስቱን ቀን ወደ ሁለት ያወረዱ ሰዎች አውቃለሁ። እኔ ግን ዛሬ ስለ ሌሊቱ ልጻፍ። በሳምንት ካሉት 168 ሰዓታት ማሽኑ የሚሠራላት 12ቱን ነው። የቀረውን 156 ሰዓት ብቻዋን ትሸከመዋለች።

አንድ ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ኩሽና ቁጭ ብላ አገኘኋት። «ምነው እማዬ?» አልኳት። «ምን በድዬው ነው?» አለችኝ። ስለ አምላኳ ነበር የምትጠይቀኝ። ሌላ መንገድም አስበን ነበር። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከተጀመረ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ተስፋ ያገኙ ቤተሰቦች አሉ፤ ኩላሊቱን የሚሰጠው ግን የቅርብ ዘመድ ነው። እኔ ልስጥሽ ብያት ነበር። «የወለድኩሽ ልሰጥሽ ነው እንጂ ልወስድብሽ አይደለም» ብላ ወሬውን ዘጋችው።

አምና በፍልሰታ ጸበል ቦታ ሱባኤ ገባች። እዚያ አንድ ሰው «ማሽኑን ካመንሽ ጸበሉን አላመንሽም» ይላታል። ሁለት እጥበት ቀረች። ጸበሉን ጠዋት ማታ በጆግ ጠጣች። በአምስተኛው ቀን ጋደም ማለት አቃታት፤ ውሃው ሳንባዋ ገብቶ ቁጭ ብላ እያቃሰተች ድንገተኛ ክፍል አደረስናት። ስትነቃ ያስለቀሳት ሕመሙ አልነበረም። «እምነቴ ቢጎድል ነው» አለችኝ። ያንን ሰው ይቅር ለማለት እስካሁን እየታገልኩ ነው።

የነፍስ አባቷን ጠራኋቸው። አልጋዋ ጥግ ተቀምጠው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «ጸበሉም የእሱ፣ ሐኪሙም የእሱ፤ ማን አጣላቸው?» አሏት። በቀን ምን ያህል ውሃ እንደተፈቀደላት ሐኪሙን ጠየቁና የቡና ስኒ አስመጡ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ አንድ ስኒ ጸበል ትጠጣለች፤ ከቀኑ ውሃዋ ላይ ትቀንሰዋለች። እጥበትም ከዚያ በኋላ ቀርታ አታውቅም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። ያ ቃል ዛሬ ለኩላሊት ታማሚም በየጸበሉ ቦታ ቢነገር እመኛለሁ።

እጥበት ክፍል ውስጥ አንድ ወንበር ባዶ ሲሆን ማንም ጮክ ብሎ አይጠይቅም። ያን ቀን እናቴ መርፌው ከተሰካላት በኋላም ከንፈሯ አያርፍም፤ አጠገቧ ያሉት አባትም እንዲሁ። በዚያ ሰዓት ጸሎታቸውን ብትወስዱባቸው በምን እንደሚቀመጡ አላውቅም። ግን ጸሎት አለ ተብሎ ሰው መጠየቅ መቅረት የለበትም። የእናቴ የፖታሲየም መጠን በየወሩ ይለካል፤ «እንቅልፍ ይወስድሻል? ልብሽ እንዴት ነው?» ያላት ባለሙያ ግን እስካሁን አላየሁም። እጥበት ላይ ያለ ሰው በድብርት መያዙ የተለመደ ነው። ምግብ ሲጠላ፣ ሰው ሲሸሽ፣ «ዛሬስ ልቅር» ማለት ሲያበዛ እምነቱን አትመዝኑበት። ድብርትም እንደ ኩላሊቱ ሐኪም አለው።

ዘመዶቻችን፣ ጎረቤቶቻችን፣ መምጣታችሁን አታቋርጡ። ከቻላችሁ አንድ ቅዳሜ 4ቱን ሰዓት አብራችኋት ተቀመጡ። «ማሽኑን ተዪው» የሚል ቃል ግን ከደጃፋችን አይግባ። ጸበልም ስታመጡላት በሃይላንድ አትሙሉ፤ አንድ ስኒ ይበቃታል።