ስም አንዴ ከወጣ አይመለስም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። በየቤቱ ጥግ ተቀምጦ ዋይፋይ በሚያሰራጨው ራውተር ውስጥ ላለው ቺፕ ግን ስም የሚያወጣለት መሐንዲስ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ በጥድፊያ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራውተሩ ሶፍትዌሩን የሚያስቀምጠው ፍላሽ ሚሞሪ ላይ ነው። በፍላሹና በፕሮሰሰሩ መካከል ኮንትሮለር አለ፤ ዳታ ይጽፋል፣ ያነባል፣ የተሳሳተች ቢት ሲያገኝ ያርማል። ኮንትሮለሩን የሚያዘው የሊኑክስ ፕሮግራም ድራይቨር ይባላል።

ታዲያ ድራይቨሩ ፊቱ ያለው የትኛው ኮንትሮለር እንደሆነ በምን ያውቃል? ዴስክቶፕ ላይ የሚሰካ ካርድ ሲጠየቅ ማንነቱን ይናገራል። ራውተር ቺፕ ውስጥ የተቀበረው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይናገርም። ስለዚህ «ዲቫይስ ትሪ» የሚባል መግለጫ አብሮት ይሰጣል፤ የአምራቹና የሞዴሉ ስም እዚያ ይጻፋል። ድራይቨሩ የሚያምነው ይህን መታወቂያ ነው።

ክርክሩ የሚነሣው እዚህ ጋ ነው። አንዱ «የቤተሰቡ ስም ይበቃል» ይላል። ሌላው «የቨርዥን ቁጥሩ ይግባ» ይላል። ሦስተኛው «የቺፑ ሙሉ ስም ይጻፍ» ባይ ነው። የመኪና መለዋወጫ ፍለጋ የወጣ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ «ቶዮታ ነው» ማለት አይበቃም፣ ባለሱቁ «የስንት ሞዴል?» ማለቱ አይቀርም።

የቨርዥን ቁጥር መጥፎ ሐሳብ አይደለም። የብሮድኮም ናንድ ኮንትሮለር እንደ 7.0 እና 7.1 ያለ ቁጥር ከስሙ ጋር ይዞ ይመዘገባል።

«ቁጥሩን ከቺፑ ራሱ ማንበብ አይቻልም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ለዚህ የተሠራ ሬጅስተር አለ፤ ችግሩ ሁልጊዜ እውነቱን አለመናገሩ ነው። ዴናሊ የተባለው ኮንትሮለር የተለያዩ አምራቾች ቺፖች ውስጥ ገብቷል። የሊኑክስ ድራይቨሩ ታዲያ ሬጅስተሩ ላይታመን እንደሚችል በግልጽ ጽፎ፣ በስሙ የታወቀ ቺፕ ቁጥሩን እንዲሽረው ይፈቅዳል። ሬጅስተሩ ሲዋሽ ምስክሩ ስሙ ነው።

ስህተቱ ቀላል አይደለም። የስህተት ማረሚያው ኮድ የሚቀመጥበት ቦታና መጠን ከኮንትሮለር ኮንትሮለር ይለያያል። ድራይቨሩ ከተሳሳተ ደህናው ዳታ የተበላሸ ይመስለዋል፤ ወይም ቡትሎደሩ ሊያነበው በማይችለው መንገድ ይጽፍና ዕቃው አልነሣም ይላል። ባለቤቱ «ተቃጠለ» ብሎ ይጥለዋል። የተቃጠለ ነገር ግን አልነበረም።

ከሁሉም የሚከብደው ስሙ የማይመለስ መሆኑ ነው። ዛሬ ከዕቃው ጋር የተሸጠ መግለጫ ከዓመታት በኋላ በሚወጣ ከርነልም መሥራት አለበት፤ የሊኑክስ ገንቢዎች ይህን እንደ ቃል ኪዳን ያዩታል። ስለዚህ በጥድፊያ የወጣ ስም ዕዳው ለማያውቁት ሰዎች ይተርፋል።

የሚሻለው መንገድ የታወቀ ነው፤ የቺፑን ሙሉ ስም ማስቀደም፣ አጠቃላዩን ከኋላው ማስከተል። ዛሬ ልዩነት ከሌለ ድራይቨሩ በአጠቃላዩ ስም ይሠራል። ነገ በዚያ ቺፕ ላይ ብቻ ጉድለት ቢገኝ ግን ሙሉ ስሙ ቀድሞ ተጽፏል፤ ድራይቨሩ ይታረማል፣ በሰው ቤት ያለው መግለጫ አይነካም። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ቃል መጨመር ነው።

መልአክ መጠበቅ አያስፈልግም። ሞዴሉን አይቶ በሙሉ ስሙ መጥራት ይበቃል።