የፒሲ ዋን ሕይወት፦ ሰፈር «ዶክተር» ይለናል፣ እኛ ገና አጥንት እየቆጠርን ነው



ሕክምና ደረሰን የተባለ ቀን ሰፈር ውስጥ ስማችን ጠፋ። በማግስቱ ሱቅ ስንሄድ «ዶክተር፣ ምን ልስጥህ?» ተባልን። የጎረቤት እናት የስኳር መድኃኒታቸውን በፌስታል ይዘው መጥተው «ይቺ ከምግብ በፊት ናት በኋላ?» ብለው ጠየቁን። ያኔ ፍሬሽማንን ጨርሰን የምናውቀው ሎጂክ እና የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ነበር። «ሐኪሙን ይጠይቁ» ብለን ሸኘናቸው። እሳቸውም «አይ የኔ ልጅ፣ ትሑት እኮ ነው» ብለው ዱዓ አድርገውልን ሄዱ።

ዶርም ውስጥ ስድስት ነን። ከከሚሴ፣ ከወራቤ፣ ከጅማ፣ ከድሬዳዋ፣ ሁለታችን ደግሞ ከአዲስ አበባ። የምንጠራራው በስም አይደለም፣ በአገር ነው። ሌሊት የሚቀሰቅሰን የወራቤው ነው። የግቢው በር እስኪነጋ ስለማይከፈት ሱብሒን በጀመዓ የምንሰግደው እዚያው፣ በተደራራቢዎቹ አልጋዎች መካከል ተጠባብቀን ነው። ከሱብሒ በኋላ ያለችው ሰዓት የቀኑ ምርጧ ናት። ግቢው ዝም ይላል፣ ኮሪደሩ ላይ ባልዲ አይንኳኳም። ጋይተንን ገልጠን ፊዚዮሎጂ የምናነበው ያኔ ነው። ተመልሰን የተኛንበት ቀን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስንሯሯጥ እንውላለን፤ ሞክረነዋል።

ከዚያ ካፌ፣ ሰልፍ፣ ሻይና ዳቦ። ከጠዋቱ 2፡00 ሌክቸር ይጀመራል። ስለ ሌክቸር ብዙ የሚባል ነገር የለም፤ ስላይዱ ይሮጣል፣ እኛ እንከተላለን። ሃይስኩል ከክፍል አንደኛ የነበርን ልጆች እዚህ ተሰብስበናል፣ ሁላችንም አንደኛ ስለነበርን አሁን አንዱ የግድ መጨረሻ መሆን አለበት። ይህን ማንም ቀድሞ አልነገረንም። የመጀመሪያው የባዮኬሚስትሪ ውጤት የተለጠፈ ቀን የጅማው ወረቀቱን አይቶ ምንም ሳይናገር ወደ ዶርም ሄደና ብርድ ልብስ ተከናነበ። ማታ አባቱ ሲደውሉ «አልሐምዱሊላህ፣ አሪፍ ነው» አላቸው። ስልኩን ዘግቶ ሲያለቅስ ሰማነው። ከመካከላችን ማንም አልተናገረም፣ ግማሾቻችን ቤተሰብ ጋር ያልነው ያንኑ ነበርና።

ንባቡ ከባድ የሚሆነው ረቂቅ ስለሆነ ሳይሆን ብዛቱ ነው። የአዋቂ ሰው አጥንት 206 ነው፣ ከዚህ ውስጥ 54ቱ ሁለቱ እጆች ላይ ናቸው። የእጅ አንጓ ላይ ብቻ 8 ትንንሽ አጥንቶች አሉ፦ ስካፎይድ፣ ሉኔት፣ ትራይኩዌትረም፣ ፒሲፎርም፣ ትራፒዚየም፣ ትራፒዞይድ፣ ካፒቴት፣ ሃሜት። የፈረንጆቹ መሸምደጃ አልይዝ ሲለን የድሬው የራሳችንን ሠራልን፦ «ሰዒድ ሌሊት ተነስቶ ፒያሳ ታክሲ ተሳፍሮ ካዛንቺስ ሄደ»። የቃላቱን የመጀመሪያ ፊደል ያዙና አጥንቶቹ በተራ ይመጣሉ። ዶርማችን ውስጥ እስካሁን ሰዒድን የማያውቅ የለም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሲኖር «ሰዒድ ሆንክ እንዴ?» እንለዋለን።

ከሰዓት በኋላ ከ8፡00 ጀምሮ አናቶሚ ላብ ነው። ለዚህ ጽሑፍ ያነሳሳንም እሱ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ነጭ ጋዋናችንን ለብሰን በር ላይ ፎቶ ተነሳን። እህቶቻችን ሒጃባቸውን ጋዋን ውስጥ ከትተው፣ እጅጌያቸውን ደጋግመው እያስተካከሉ ነበር። ከዚያ ተገባ። ፎርማሊን መጀመሪያ የሚያገኘው ዓይንን ነው፤ ሁላችንም እንባ በእንባ ሆንን። ጠረጴዛው ላይ የተሸፈነው ሲገለጥ ሰው ነበር። ቡናማ፣ ደረቅ፣ ግን ሰው። ጥፍር አለው። የግራ እጁ በትንሹ ተጨብጧል። የኛ አገር ካዳቨሮች ብዙውን ጊዜ ወገን መጥቶ ያልተረከባቸው ሰዎች አስከሬኖች ናቸው። ስሙን የሚያውቅ በክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

ከኛ ብዙዎቹ ቀድሞ የጨነቃቸው ነገር «ይህ ይፈቀዳል ወይ?» የሚለው ነው። መስጂድ ሄደን ኡስታዙን ጠየቅን። በመካ የሚገኘው የራቢጣ የፊቅህ ጉባኤ በ1408 ሂጅራ በጉዳዩ ላይ ውሳኔ ማሳለፉን፣ ለሕክምና ትምህርት መፍቀዱን፣ ግን በመስፈርት መሆኑን አስረዱን። ከሚያስፈልገው በላይ አይነካም፣ አይቀለድበትም፣ የሴት አስከሬን ሴት ባለሙያዎች እስካሉ ድረስ ለነሱ ይተዋል፣ መጨረሻ ላይም እያንዳንዱ የአካል ክፍል ይቀበራል። ጥያቄው ለኛ ብቻ የመጣ አይደለም። የደማስቆው ኢብን ነፊስ ደም ከቀኝ ልብ ወደ ግራ የሚደርሰው በሳንባ በኩል ዞሮ መሆኑን በ13ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈ ሰው ነው፤ እዚያው መጽሐፉ መግቢያ ላይ ግን የሸሪዓ ክልከላና በውስጡ ያለው ርኅራኄ አስከሬን ከመቅደድ እንደከለከሉት ይናገራል። ይህን ስናነብ አንዳችን «እና እንዴት አወቀ?» አለ። እስካሁን እየተከራከርንበት ነው።

ላቡ እስከ 11፡00 ስለሚዘልቅ ዐስር መሐል ላይ ይገባል። አስተማሪያችን አሥር ደቂቃ እረፍት ይሰጡናል፣ ውጪ ካለችው ቧንቧ ዉዱእ አድርገን ሰግደን እንመለሳለን። እንግዲህ ሽታው አይለቅም። ምሳ ስንበላ ጣታችን ላይ፣ ማታ ስንተኛ ትራሳችን ላይ አለ። በሁለት ሳምንት ግን ለመድነው። ችግሩም የመጣው ከለመድነው በኋላ ነው።

ከስድስታችን አንዱ፣ ማን እንደሆነ አንጽፍም፣ ስልኩን አውጥቶ ያንን የተጨበጠ እጅ ፎቶ አነሳ። ፎቶ ማንሳት ክልክል እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አየነው፣ ዝም አልን። ማታ በዶርሙ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀው፣ ከሥሩም «ሰዒድ ካዛንቺስ ደረሰ» ብሎ ጻፈበት። ሳቅን። እውነቱ ይህ ነው፣ አምስታችን ሳቅን።

የከሚሴው አልሳቀም። ከአልጋው ወርዶ «አጥፋው» አለ። ቀልድ መስሎን አሁንም ሳቅን። ደግሞ «ወላሂ አጥፋው» አለ፣ ድምፁ ተቀይሮ። ከዚያ በፊት ነግሮን የማያውቀውን ነገር ያን ሌሊት ነገረን። ታላቅ ወንድሙ ከአራት ዓመት በፊት በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ሊሻገር ወጥቶ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከኦቦክ ነው፤ «ዛሬ ማታ ጀልባ እንሳፈራለን» ብሎ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። እናታቸው «ሬሳውን ሳላይ ለቅሶ አልቀመጥም» ብላ እስከ ዛሬ ሰው አላስተዛዘናትም። «የኔ ወንድም በሰው አገር እንደዚህ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ይሆናል» አለን። «የኔ ቢጤ ልጆች እጁን እያነሱ ይስቁ ይሆናል። እኔ ላብ ስገባ ሁሌ መጀመሪያ የማየው ፊቱን ነው። እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን አያለሁ።»

ፎቶው ጠፋ። ያነሳው ልጅ ይቅርታ ጠየቀ፣ የከሚሴውም «ዐፉ ብያለሁ» አለ። መብራት ቢጠፋም ማናችንም ቶሎ አልተኛንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዒድን ለአጥንት ብቻ ነው የምንጠቀምበት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስፖት ኤግዛም መጣ። ለማታውቁት፣ በየጠረጴዛው አካል ተቀምጦ መርፌ ይሰካበታል፣ ደወል ሳይጮህ ስሙን ጽፎ ማለፍ ነው። ከጣቢያዎቹ አንዱ ላይ መርፌው ያለው አንጓ ላይ፣ ከአውራ ጣት ሥር ነበር። ትራፒዚየም ነው ወይስ ትራፒዞይድ? ሰዒድ ሁለቱንም በ«ተ» ነው የሚጠራቸው! ሦስታችን ትራፒዞይድ ብለን ጻፍን፤ ተሳሳትን። የከሚሴው አገኘው። የጅማውም አገኘው፤ አልሐምዱሊላህ፣ ዘንድሮ አባቱን ሳይዋሽ ያናገረበት የመጀመሪያው ቀን ያ ነው።

ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት ሌሎቻችን ወደ ካፌ ስንሄድ የከሚሴው ወደ ላቡ ተመለሰ። ተከተልነው። አስከሬኖቹን የሚጠብቁትን፣ ጋሼ የምንላቸውን ሰውዬ «ሲያልቅ የት ነው የሚሄደው?» ብሎ ጠየቃቸው። «ይቀበራል» አሉት። «ማን ይቀብረዋል?» አላቸው። «እኔና ሾፌሩ» አሉት። ትንሽ ቆሞ «እኛም ብንመጣ ይቻላል?» አላቸው። ሰውዬው ጋዋናችንን፣ ከዚያ ፊታችንን አዩ። «እስካሁን ተማሪ ጠይቆኝ አያውቅም» አሉና ኪሳቸውን ዳስሰው ብዕር አወጡ።

የስድስታችንንም ቁጥር ጻፍንላቸው። ገና አልደወሉም።