ሲበርድ የሚዞር ቬንትሌተር

አዲስ አበባ ውስጥ የቆየ መኪና ሙቀት ጨምሮ ውሃ ካፈላ ፍርዱ ቶሎ ነው የሚሰጠው፦ «የቴስታታ ጋስኬት ተቃጥሏል፣ ሞተሩ ይፈታ።» አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ማንም ቴስተር ሳያነሳ የተሰጠ ፍርድ ነው። ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ሪሌ ሳትጠየቅ ሞተር ይፈታል።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ወደ አገር ማስገባት ተከለከለ። ሠላሳ ዓመት የሞላት ኮሮላ ያለው ሰው እንግዲህ «ሸጬ ሌላ ልግዛ» ለማለት አቅሙ የለውም። ያለችውን ማኖር ነው ዕጣው።

ኮተቤ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራች ኮሮላ አለቻቸው። ባለቤታቸው እግራቸውን ስለሚያማቸው እንጦጦ ማርያም የሚሳለሙት በእሷ ነው። መንገዱ ሜዳ ሲሆን ደህና ናት። በስድስት ኪሎ አድርጋ፣ ሽሮ ሜዳን አልፋ ዳገቱን በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ስትያያዘው ግን የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ይወጣል። መኪና በፍጥነት ሲሄድ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያበርዳል፤ ዳገት ላይ ቀስ ሲል ግን ሥራው ሁሉ በቬንትሌተሩ ላይ ይወድቃል። የእሳቸው ቬንትሌተር ደግሞ አይዞርም ነበር።

የመጀመሪያው ጋራዥ «ቴስታታው ይውረድ» አላቸው። ገንዘቡ ስለሌላቸው ትተውት ወጡ። (እጥረት አንዳንዴ ሞተር ያድናል።) ሁለተኛው «ሪሌዋ ሞታለች» አለ፤ ልክም ነበር። አሮጌዋን ነቅሎ ከሱቅ የተገዛች ባለ አራት እግር ሪሌ በሽቦ ቀጥሎ አሰረላቸው። ቁልፉ ሲከፈት ቬንትሌተሩ ወዲያው ተሽከረከረ። ሁሉም ደስ አለው፣ ሒሳብ ተከፈለ። በሳምንቱ እዚያው ዳገት ላይ እንደገና አፈላች።

መገናኛ አካባቢ የሚሠራ አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ሲሄዱ ልጁ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ጠየቃቸው።

«ጋሼ፣ ጠዋት ገና ሲያስነሷት ይዞራል?»

«አዎ ልጄ፣ ወዲያው ነው የሚዞረው።»

«ዳገት ላይስ?»

«እዚያ ነው እንጂ የሚከዳኝ።»

ልጁ ሳቅ ብሎ የውሃውን ሙቀት ከሚያነበው ስዊች ላይ ሶኬቱን ነቀለ። ሲዞር የነበረው ቬንትሌተር ቀጥ አለ። በዚያች መኪና መሆን የነበረበት የዚህ ተቃራኒ ነው።

ሪሌ በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የምታዝዝ ማብሪያ ናት። ሁለት እግሮቿ የኮይሉ፣ ሁለቱ የኮንታክቱ ናቸው። ኮይሉ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት ይሆንና ኮንታክቱን ይስባል። በተለመደችው ሪሌ ሲሳብ ይገናኛል። የነዚያ ኮሮላዎች የቬንትሌተር ሪሌ ግን ግልባጭ ናት፦ ሳትሳብ የተገናኘች፣ ስትሳብ የምትለያይ። ውሃው ቀዝቃዛ ሳለ ስዊቹ ለኮይሉ ኔጋቲቭ ይሰጠዋል፣ ኮንታክቱ ይለያያል፣ ቬንትሌተሩ ያርፋል። 93 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስዊቹ ይለቃል፣ ኮንታክቱ በስፕሪንጉ ተመልሶ ይገናኛል፣ ቬንትሌተሩ ይዞራል። ብልህ አሠራር ነው፤ የስዊቹ ሽቦ ቢበጠስ ቬንትሌተሩ ይዞራል እንጂ አይቆምም። የተለመደችውን ሪሌ በዚህ ቦታ ያሰረ ሰው ግን ሲበርድ የሚዞር፣ ሲሞቅ የሚቆም ቬንትሌተር ሠራ። ጋራዡ ግቢ ውስጥ ሞተሩ ቀዝቃዛ ስለነበር ማንም አላወቀም።

አሮጌዋን ሪሌ መምህሩ አልጣሏትም ነበር። ልጁ ኮይሏን በቴስተር ለካ፤ ጤነኛ። 12 ቮልት ሲሰጣት «ቀጭ» አለች። ብዙ ሰው ምርመራውን የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው፤ «ቀጭ ካለች ትሠራለች» ይባላል። ድምፁ የሚናገረው ግን ኮይሉ መሳቡን ብቻ ነው፣ ኮንታክቱ ኤሌክትሪክ ማሳለፉን አይደለም። ኮይሉን ትቶ ኮንታክቷን በቴስተር ሲለካ እንኳ «ተገናኝቷል» አለው። ቴስተር የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ ስለሆነ በጠበበ መንገድም ያልፋል። ስለዚህ በዚያው ኮንታክት በኩል የፊት መብራት አምፖል አበራባት፤ አምፖሉ ቀላ ብሎ ደከመ። ክዳኗን ሲከፍት ኮንታክቱ ጠቁሮ ተቦርቡሯል። በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ይቻል ነበር፤ ልጁ ግን «ለሳምንት ነው» ብሎ እምቢ አለ።

«ዳይሬክት ይደረግልኝ?» ብለው መምህሩ ጠይቀውት ነበር። የከተማችን መድኃኒት ይኸው ነው፦ ከባትሪ በቀጥታ ሽቦ መሳብ። ይሠራል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ፊውዝ የለውም፣ ሽቦውም ቀጭን ነው። ቬንትሌተሩ አንድ ቀን ቢነክስ ሪሌ ለማዳን የተሠራው ሥራ መኪና ያቃጥላል። ልጁ ባለ አምስት እግር ሪሌ አምጥቶ፣ 87 በተባለው ሳይሆን 87ኤ በተባለው እግር አሰረና ሞተሩ እስኪሞቅ ቆሞ ጠበቀ። ዞረ። ሶኬቱን ነቀለ፤ አሁንም ዞረ።

ከዚያ የራዲያተሩን ክዳን አየ፤ ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ይህ ለእንጦጦ ወጪ ትንሽ ነገር አይደለም። ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ ባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ይፈላል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ግን 90 ገደማ ላይ። ስዊቹ ደግሞ 93ን ይጠብቃል። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ፣ ሪሌዋ ጤነኛ ብትሆንም ቬንትሌተሩ የሚጠራው ውሃው ካፈላ በኋላ ነው ማለት ነው። መምህሩ ክዳኑን በዚያው ቀን አስቀየሩ። ቴስታታው እስካሁን አልወረደም።